ከዳሞታ ግርጌ እስከ ቻው ፕራያ ወንዝ

የታይላንድ ዋና ከተማ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ባንኮክ ተብላ ትጠራለች፤ የአገሩ ተወላጆች ግን «ክሩንግ ቴፕ» ነው የሚሏት፤ ትርጓሜውም የመላእክት ከተማ ማለት ነው። እርግጥ እነርሱ በዚህ ስም የሚጠሯቸው እኛ በየወሩ በ12 እና በ19 የምናስባቸውን መላእክት አይደሉም፤ በእምነታቸው በሰማይ ይኖራሉ የሚሏቸው ልዩ ልዩ ኀይላት ናቸው። የከተማዪቱ ሙሉ ስም ሲነበብ እስትንፋስ ያሳጥራል፤ በዓለም ከሚታወቁት የቦታ ስሞች ሁሉ ረዥሙ እርሱ ነው ይባላል፤ ብዙዎቹም ሕፃናት በዜማ ካልሆነ በቀር በቃል ሊይዙት አይችሉም።

ከተማዪቱ የተቈረቈረችው በ1774 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ የመንግሥቱ መናገሻ የነበረችው አዩታያ በ1759 ዓ.ም. በበርማ ጦር ተደምስሳ ስለ ነበር፥ ራማ ቀዳማዊ የተባለው ንጉሥ ዙፋኑን ከቻው ፕራያ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው ዳርቻ አቆመ። ስፍራው ወንዙ ወደ ባሕር ከሚገባበት ሩቅ ስላልሆነ መሬቱ እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው፤ ከባሕር ወለል የሚበልጠውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ ከወላይታ ሶዶ ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጐድልበት ነገር ተራራ ነው። እኛ በሶዶ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ እንኖራለን፤ በገበያም በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ብንቆም የዳሞታ ተራራ ከበላያችን ነው፤ መንገድ የጠፋው እንግዳ ቢኖር «ዳሞታን ወደ ኋላህ አድርገህ ውረድ» እንለዋለን። በባንኮክ ግን ቀና ብለው ቢመለከቱ ከፎቅና ከደመና በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ሰው አቅጣጫውን የሚያውቀው በወንዙ ነው።

እኔ ወደዚያች ከተማ የሄድሁት በ2016 ዓ.ም. ክረምት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ የእናቴን ታላቅ ወንድም ለሕክምና አድርሼ ለመመለስ ነበር። አጎቴ በቦሎሶ ሶሬ እንሰትና ጎደሬ፥ ቀድሞም ዝንጅብል ሲያመርቱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። በአንገታቸው ሥር እንቅርት የሚመስል እብጠት ወጥቶ ዓመት ያህል ቈየ፤ እንቅርት በአገራችን እንግዳ ነገር ስላልሆነ ማንም ልብ ያለው አልነበረም። ኋላ ግን እየጠነከረ ሲሄድና ድምፃቸውን ሲያጐረንን የሶዶ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላካቸው፤ የአዲስ አበባውም «ሥጋው ተቈርጦ ይመርመር፤ የሚያሠጋ አይመስለኝም፤ ቢሆንም መውጣቱ አይቀርም» አለ። በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ልጃቸው ይህን በስልክ በሰማ ጊዜ «የሚያሠጋ አይመስለኝም» ከሚለው ቃል ውስጥ የሰማው «የሚያሠጋ» የሚለውን ብቻ ነው። ገንዘቡን ልኮ ባንኮክ ካልሄዱ እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረን። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ዘመድ ሲፈለግ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ።

በሐምሌ 29 ሌሊት ከቦሌ ተነሥተን ስምንት ሰዓት ከሚበልጥ በረራ በኋላ ደረስን። የባንኮክ ሰዓት ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማልና ፀሐዩ ለእነርሱ ከቀትር አልፎ ሳለ ለእኛ ገና ረፋድ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ታላቁ የአየር ማረፊያቸው ውስጡ እንደ ዳሞታ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ በሩ ተከፍቶ ወደ ውጭ በወጣን ጊዜ ግን ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ፊታችንን መታን። የሚያደክመው ከፀሐዩ ይልቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው፤ ላብ ይወጣል እንጂ አይደርቅም። አጎቴ ከሶዶ የክረምት ጉም የወጡበትን ወፍራም ጋቢ እንደ ለበሱ ነበሩና «ይህ አገር ክዳኑ ያልተነሣ ድስት ነው» አሉ። ክረምቱ ከእኛ ጋር አንድ ወቅት መሆኑ ግን ደስ አሰኛቸው፤ ዝናቡ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሳይዘገይ ይመጣል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በኀይል ይወርድና ምንም እንዳልተደረገ ያባራል።

በማግስቱ በሐኪም ቤት የተደረገልን አቀባበል መልካም ነበር፤ አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚም አገኘን። ከእብጠቱ በመርፌ ጥቂት ሥጋ ወስደው ውጤቱን በነሐሴ 7 እንድንሰማ ቀጠሩን። ሐኪሙ አጎቴን «እስከዚያ ድረስ በደንብ ይብሉ፤ በእግርዎ ይንቀሳቀሱ፤ ከተማውን ይዩ» አላቸው። እንግዲህ አገር ጐብኚዎች የሆንነው በሐኪም ትእዛዝ ነው።

የመጀመሪያው ችግር «በደንብ ይብሉ» የሚለው ነበር። ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። የነፍስ አባታቸው ከመነሣታችን በፊት ሕመምተኛ እንደ ሆኑ፥ መንገደኛም እንደ ሆኑ አስታውሰው ጾሙን እንዲተዉ ፈቅደውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን «አባታችን ፈቅደውልኛል፤ እኔ ለራሴ አልፈቀድሁም» ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆንም የሚበላ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። የታይላንድ ሰዎች ከጨው ጋር ከተብላላ ዓሣ የሚያወጡት ቀይ ውሃ አላቸው፤ እኛ ጨው በምንጨምርበት ሁሉ እነርሱ ይህን ይጨምራሉ፤ የአትክልት ወጥ ነው ያሉት እንኳ ከዚህ አይጠራም። ሁለት ቀን ሙሉ አጎቴ ሙዝና ነጭ ሩዝ ብቻ ሲበሉ ፊታቸው ገረጣ፤ እኔም ልጃቸው በየማታው ሲደውል ምን እንደምመልስለት ቸገረኝ።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚያችን በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ቀለም 17 ቍጥርን የመሰለ ፊደል የተጻፈባትን አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አሳየችን። ፊደሉ «ጄ» ተብሎ ይነበባል። ቻይናውያን የሆኑ የከተማው ነዋሪዎች በሃይማኖታቸው ሥርዐት ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከወተትና ከእንቍላል ተከልክለው የሚበሉት ምግብ ምልክት ነው፤ ይልቁንም ከእኛ ጾም በላይ ሄደው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይጨምሩበትም። (ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ምን ይጣፍጣል የምትል እመቤት ብትኖር አልፈርድባትም።) ወደ ታይላንድ የሚሄድ ጿሚ ሰው ቋንቋውን ባያውቅ ይህን ቢጫና ቀይ ምልክት ይወቅ፤ ከብዙ ችግር ያድነዋል።

በዚያች ቤት ለአጎቴ በጐድጓዳ ሳሕን ነጭ ነገር ቀረበላቸው። ስለ ምንነቱ ብንጠይቅ አስተርጓሚዋ «በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ነው» አለች። «ወተት» የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ሳሕኑን በሁለት እጃቸው ገፉት። ወተት የተባለው ከፍሬው ሥጋ የሚጨመቅ ውሃ መሆኑን፥ ላምም ፍየልም እንዳልደረሰችበት ብዙ ደክመን አስረዳናቸው። በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ፤ ዝም አሉ፤ ደግመው ቀመሱና «ይህ እኮ ቦይና ነው!» ብለው ጮኹ። ቦይና በወላይትኛ ጎደሬ ማለት ነው። እውነታቸውን ነበር፤ የቦሎሶ ጎደሬ በኮኮናትና በስኳር ተቀቅሎ ነው የቀረበላቸው። ሳሕኑን ጨርሰው ሌላ አስጨመሩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም በየዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደዚያች ቤት የሚመሩኝ እርሳቸው ሆኑ። ከዚያው ጋር በአንድ ዐይነት አሠራር ሙዝ በኮኮናት ተቀቅሎ ይቀርባል፤ ስሙ በቋንቋቸው «መነኵሲት የሆነች ሙዝ» ማለት ነው፤ ነጭ ለብሳለችና። አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ከሶዶ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ጎደሬ፥ ሙዝ፥ ሸንኰራ አገዳና ዝንጅብል ሁሉ ጥንተ መገኛቸው በዚያ በእስያ ሙቅ አገር እንደ ሆነ የዕፀዋት ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል እጅ ለእጅ እየተላለፉ ብዙ ዘመን ተጕዘው ወደ አፍሪካ ደርሰዋል። የአረካ የእርሻ ምርምር ማእከል መርጦ ለገበሬው ካወጣቸው የጎደሬ ዝርያዎች አንዱ ቦሎሶ 1 የሚል ስም እስኪሰጠው ድረስ ጎደሬ የእኛ አገር ልጅ ሆኗል። ስለዚህ አጎቴ በባንኮክ ያገኙት እንግዳ ምግብ አልነበረም፤ ከቤታቸው ጓሮ ያለውን ተክል ከአያቶቹ መንደር አገኙት። እንሰታችን ብቻ ከዚያ የለም፤ ዘመዷ ሙዝ ግን በየአጥሩ ሞልታለች። እኛ ዳቦውን በኮባ እንደምንጠቀልል እነርሱም ሩዙን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያበስሉታል።

ስለ ሰዓት አቈጣጠራቸውም አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። የውጭ አገር ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ስንለው ይደናገራል፤ እኛም ለዚህ ነገር ብቸኞች የሆንን ይመስለናል። በታይላንድ ከምሽቱ በእኛ አንድ ሰዓት ሲሆን እነርሱም በቋንቋቸው አንድ ይላሉ፤ ቀጥሎ ሁለት፥ ሦስት እያሉ ይቈጥራሉ። በጧትም በቀድሞው ልማድ እንዲሁ ነበር። የዓመት አቈጣጠራቸው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እኛ ከአውሮፓውያን ወደ ኋላ ስንቀር እነርሱ ከቡድሃ ሞት ጀምረው ስለሚቈጥሩ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። በእኛ 2016 በሆነበት ነሐሴ በእነርሱ 2567 ነበር። አጎቴ በሐኪም ቤቱ ደረሰኝ ላይ ይህን አይተው፥ «ለካ ሳላውቀው አምስት መቶ ዓመት አርጅቻለሁ» አሉ። ጽሕፈታቸውም እንደ ፊደላችን አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ያያይዛል፤ ነገር ግን አናባቢው አንዳንዴ ከፊት፥ አንዳንዴ ከኋላ፥ አንዳንዴም ከላይ ወይም ከታች ስለሚቀመጥ፥ በቃልና በቃል መካከልም ክፍተት ስለሌለ፥ ለሚማር ልጅ ከሀ ግዕዝ እጅግ የከበደ ይመስለኛል።

በጧት ገና ሳይነጋ ከማረፊያችን ወጥቼ በመንገድ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ መነኰሳት ባዶ እግራቸውን ተራ በተራ እየተከተሉ፥ ጐድጓዳ ዕቃ ይዘው በዝምታ ይሄዳሉ። ሱቅ ከፋቾቹና እናቶች በየደጁ ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ ጫማቸውን አውልቀው፥ ተንበርክከው የበሰለ ሩዝና ወጥ በዕቃቸው ይጨምሩላቸዋል። መነኵሴው አያመሰግንም፤ ምርቃት ብቻ ይሰጣል፤ መጽዋቹ ነው እንዲመጸውት ስለ ተፈቀደለት የሚያመሰግነው። ቀትር ካለፈም በኋላ መነኰሳቱ እህል አይቀምሱም። እኔ በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቤ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልዩነቱ ብዙ ነው፤ የሚያመልኩትንም እኛ አናመልከውም። ነገር ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ራሱን የተላጨ ልጅ አይቼ እግሬ ቆመ፤ የውሻ ጩኸትም እስኪሰማኝ ድረስ ጆሮዬን አቀናሁ። በዚያ መንገድ ግን የሚጮኽ ውሻ አልነበረም፤ ውሾቹም መነኰሳቱን ይከተላሉ።

ዋት ማለት በቋንቋቸው ገዳም ማለት ነው። አገር ጐብኚ ሁሉ የሚያያቸው ሦስቱ በወንዙ ዳር ናቸው፤ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ጋር ያለው፥ ዋት ፖና በማዶ የሚታየው ዋት አሩን። ቤተ መንግሥቱን ለማየት በሄድንበት ጊዜ ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 500 ባት ነበር፤ ትከሻና ጕልበቱን ያልሸፈነ ሰው አይገባም፤ በነጠላና በረዥም ቀሚስ የምትሄድ እኅት ግን ማንም አይመልሳትም። በዚያ አካባቢ ከጐብኚ የሚጠጋ፥ በመልካም እንግሊዝኛ «ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ዝግ ነው፤ በርካሽ ዋጋ ወደ ሌላ ቦታ ልውሰድህ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንዳትሰሙት፤ የሚወስዳችሁ ወደ ዕንቍ ሱቅ ነውና።

በዋት ፖ ደጅ አጎቴ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። «ማየት ኀጢአት ነው አልልም፤ አንተ የተማርህ ነህ፤ አይተህ ንገረኝ። እኔ ጫማህን እጠብቃለሁ» አሉኝ። አልተከራከርኋቸውም። ገብቼ አየሁ፤ በወርቅ የተለበጠ፥ በጐኑ የተኛ 46 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ቁመት ያለው የቡድሃ ምስል ነው፤ በውስጥ እግሩ ላይ 108 ሥዕሎች በዛጐል ዕንቍ ተሠርተዋል። የእጅ ጥበቡ ያስደንቃል፤ እኔ ግን ቤቱ ለምስሉ እንደ ጠበበው ሁሉ ለዐይኔም ጠቦኝ ነበርና ብዙ አልቈየሁም። ከዚህ ይልቅ ልቤን የሳበው በግቢው ውስጥ ባሉት ክፍት ዳሶች ግድግዳ ላይ የተተከለው የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ራማ ሣልሳዊ የአገሩን የመድኀኒት ዕውቀት ሁሉ ድሃውም ሀብታሙም አንብቦ እንዲጠቀምበት በድንጋይ ላይ አስጽፎ በዚያ አቆመው፤ የሰው አካል ተሥሎ ሥሩና ጅማቱ፥ ማሻሸት የሚገባው ቦታ ሁሉ ተመልክቶበታል። እኛ ስንት የመድኀኒት ዐዋቂ ምስጢሩን ለልጁ እንኳ ሳይነግር መቃብር እንዳስገባው ዐስቤ ቀናሁባቸው። ወጥቼ ለአጎቴ ብነግራቸው ተነሡ፤ ጫማቸውን አውልቀው፥ ምስሉ ወዳለበት ቤት ፊታቸውን ሳያዞሩ፥ ወደ ድንጋዮቹ ብቻ ሄዱ። አንገቱ ላይ ነጥብ የተደረገበትን ሥዕል ፈልገው አገኙና በጣታቸው ጫፍ የራሳቸውን አንገት እየዳሰሱ ብዙ ጊዜ ቆሙ። ያን ቀን ስለ ሕመማቸው እንደ ፈሩ ዐወቅሁ፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር።

ታይላንድ እንደ አገራችን በቅኝ አገዛዝ ሥር ያልወደቀች ናት። በምዕራብና በደቡብ እንግሊዝ፥ በምሥራቅ ፈረንሳይ ቆመውባት ሳለ፥ ከ1861 እስከ 1903 ዓ.ም. የነገሠው ቹላሎንግኮርን አንዳንዱን ጠረፍ እየለቀቀ፥ ትምህርት ቤትና የባቡር ሐዲድ እያስፋፋ፥ በ1897 ዓ.ም. ባሪያ መሸጥና መግዛትን በሕግ እየሻረ መንግሥቱን አቆየ። ዘመኑ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጋር የተገጣጠመ ነው። እኛ ዐድዋን የመሰለ ቀን አለን፤ እነርሱ የላቸውም፤ ያለ ዐድዋ ነጻነትን መጠበቅም ቀላል ጥበብ አይመስለኝም። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱም አገሮች ወታደሮች በኮርያ በአንድ ወገን ተሰልፈዋል።

በወንዙ ላይ በጀልባ መሄድ ለድካም መድኀኒት ነው። ከዋት ፖ ደጅ ወደ ዋት አሩን ለመሻገር በዚያ ጊዜ አምስት ባት ይበቃ ነበር። የዋት አሩን ረዥም ግንብ ከሩቅ ሲያዩት በዕንቍ የተለበጠ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ከቻይና የመጣ የሸክላ ሳሕንና የስባሪው ጌጥ ነው። ከተማዪቱ ቀድሞ መንገዷ ሁሉ ውሃ ነበር፤ ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው አስፋልት ሆነዋል፤ ስለዚህም ይመስላል ውሃው አንዳንዴ ርስቱን ሊጠይቅ የሚመጣው። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ የደረሰው የጥፋት ውሃ የከተማዪቱን ዳርቻ ለብዙ ሳምንት አስጥሞ ነበር። ሕዝቡ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ በተደረገው ቈጠራ ከ8 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር፤ መኪናውም እንደዚያው ነው። በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በድልድይ ላይ የሚሄደው ባቡር ባይኖር ኖሮ ሕመምተኛ ይዞ በዚያ ከተማ መንቀሳቀስ የማይቻል በሆነ ነበር። ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ግን እዚያም አለ፤ ከሶዶው ይልቅ ይጮኻል፤ ይልቅም ያስከፍላል።

በየሕንፃው ደጅ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመች የአሻንጕሊት ቤት የምታህል ጐጆ አለች፤ ለቦታው መንፈስ ማደሪያ ናት ይላሉ። አበባ፥ ዕጣን፥ ከሁሉም በላይ በቧንቧ የተሰካበት ቀይ ፋንታ ጠርሙስ ያኖሩላታል። አጎቴ ይህን ባዩ ቍጥር ያማትቡ ነበር። «የእኛ አያቶችም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ፋንታ ግን አልነበራቸውም» አሉኝ።

ነሐሴ 6 በእነርሱ የንግሥት ሲሪኪት የልደት ቀንና የእናቶች ቀን ነው፤ ልጆች ነጭ የጽጌ ጕንጕን ለእናቶቻቸው ይሰጣሉ። በየመንገዱ የሚሸተው ይኸው አበባ ነበር። በማግስቱ ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ወረቀቱን ከፍቶ ገና ሳይናገር አጎቴ በወላይትኛ «ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው» አሉኝ። እንደ ተናገሩትም ሆነ፤ ክፉው ዐይነት አልነበረም። ነገር ግን እብጠቱ የመተንፈሻውን ቧንቧ እየተጫነ ስለ ሆነ መውጣት አለበት፤ እርሱም በአገራችሁ ሊሠራ ይችላል አለን። ይህ የአዲስ አበባው ሐኪም አስቀድሞ ከነገረን የራቀ ነገር አይደለም። በዚያ ሁሉ ወጪ የገዛነው ማረጋገጫ ብቻ ሆነ፤ እኔም ወደ ውጭ ለሕክምና ለመሄድ የሚያስቡ ቤተ ሰቦች አስቀድመው በአገር ውስጥ ሁለተኛ ሐኪም ቢያማክሩ ብዙ ገንዘብ ይተርፋቸዋል ብዬ አምናለሁ። ይህንኑ ለአጎቴ ብነግራቸው ግን አልተቀበሉኝም። «እኔ የመጣሁት ለራሴ መስሎሃል?» አሉ። «ልጄ እንዲተኛ ነው የመጣሁት። ደውልለት፤ ይተኛ።» ደወልሁለት። በዚያ በኩል ለረዥም ጊዜ ድምፅ አልነበረም፤ አጎቴ ስልኩን ተቀብለው «አይዞህ፤ ቦይና እየበላሁ ነው» አሉት።

የቀሩትን ጥቂት ቀናት ያለ ሐሳብ አሳለፍን። ፕራቱናም በሚባለው የልብስ ገበያ የአገራችን ነጋዴዎች ከረጢት ሲያስሩ አገኘን፤ ከመርካቶ የመጡ ሴቶች ናቸው፤ አጎቴን «አባባ» ብለው ጕልበት ስመው ወንበር ሰጧቸው። በዚያው ምሽት የዓረብና የአፍሪካ ሰዎች በሚበዙበት ናና በሚሉት ሰፈር የጾም በያይነቱ በእንጀራ አቀረቡልን፤ ሽንኩርትም አልጐደለውም።

ከመመለሳችን በፊት በነበረው ቀን ወደ አትክልት ገበያ ሄድን። ይህን ያሳሰቡት አጎቴ ናቸው። በአንዲት አሮጊት ፊት የዝንጅብል ክምር ነበረ፤ እጅ የሚያህል፥ ቅርፊቱ የጠራ፥ ሲሰበር መዓዛው ከሩቅ የሚሸት። አጎቴ ከመሬት ተቀምጠው አንዱን አነሡ። እንደሚታወቀው ቀድሞ የወላይታና የከምባታ ዝንጅብል ለብዙ ቤት የልብስና የትምህርት ቤት ገንዘብ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ግን በዐይን በማይታይ ተሕዋስ የሚመጣ አጠውላጊ በሽታ ገብቶ ማሳውን በጥቂት ሳምንት አቢጫ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በዘር ሥሩ፥ በአፈርና በጐርፍ ነው፤ ላዩ ያማረ ሥር በውስጡ ሊይዘው ይችላል፤ አንድ ጊዜ አፈሩን ከያዘም ለዓመታት አይለቅም። አጎቴ በዚያ ዓመት ያረሱትን ሁሉ አጥተው ልጃቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ የላኩት በሬ ሸጠው ነው።

«ሦስት ፍሬ ብቻ» አሉኝ፤ «በካልሲ ውስጥ።» የገበሬ ዐይናቸው ሲበራ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ዘርም ሆነ ሥር ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ነገርኋቸው። ሕጉ ብዙም አላሳሰባቸውም፤ «ሦስት ፍሬ ማን ያያል?» አሉ። እኔም ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ዝንጅብሉን በእጃቸው አገላብጠው አዩ፤ በጥፍራቸው ቅርፊቱን ላጥ አድርገው ሸተቱት፤ ቁራጩንም ወደ ብርሃን አንሥተው ውሃ ያንጠባጥብ እንደ ሆነ ተመለከቱ፤ የታመመ ዝንጅብል ሲቈረጥ እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ያወጣልና። ምንም አልወጣም። ቢሆንም ወደ ክምሩ መለሱት።

«የእኛ ዝንጅብልም በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያምር ነበር» አሉ። አሮጊቷን ስላበላሹባት ፍሬ ዋጋውን እንድከፍላት አዘዙኝ፤ እርሷ ግን እጆቿን ገጥማ እጅ ነሣችና አልቀበልም አለች፤ በምትኩ በስኳር የደረቀ ዝንጅብል አንድ ከረጢት ገዛንላት። ለነሐሴ ተክለ ሃይማኖት በዳሞታ ላይ ለሚመጡት እንግዶች ይሆናል አሉ። ከዚያም በአጠገባችን ካለው ቧንቧ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ የጫማቸውንም ጭቃ ጨርሰው አጠቡት።